ሩብ ዲግሪ ምን ለውጥ ያመጣል?

የስፖርት መኪናን በሕዝብ መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው ጎማዎቹ በስንት ዲግሪ ቢስተካከሉ ይሻላል? ይህን ጥያቄ መኪና የሚወዱ ተማሪዎቻችን ደጋግመው ያቀርቡልናል። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው የሚፈልጉት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩንም አስቀድመው ከአንድ የእሽቅድምድም ቡድን ወይም ከአንድ ዝነኛ ነጂ ወስደው እኛ "ልክ ነው" እንድንላቸው ይመጣሉ። በዚህ ጽሑፍ ቁጥር አንነፍግም። ከቁጥሩ በፊት ግን የምንከራከርበት አንድ ነጥብ አለን። ብዙዎች የመንገድ ልክ ማለት ጥቂት የተለሳለሰ የእሽቅድምድም ልክ ይመስላቸዋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱ ልኮች የሚመልሷቸው ጥያቄዎች ከመነሻቸው የተለያዩ ናቸው።

በአገራችን የስፖርት መኪና በጣት የሚቆጠር ነውና ስለ እርሱ መጻፍ ምን ይረባል የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው፤ የወርቅ ሚዛን የሚያሳየውን ልዩነት የእህል ሚዛን አያሳይም። ቀላል፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለና ሞላው የጠነከረ መኪና የጎማውን የሩብ ዲግሪ ለውጥ በነጂው መዳፍ ላይ ያሳውቃል። በሚኒባስ ታክሲም ላይ ያው ሕግ ይሠራል፤ ነገር ግን በሞላው መለስለስና በመሪው ልቅነት ተሸፍኖ ይቆይና በጎማ ማለቅ ብቻ ራሱን ይገልጣል።

በመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ትምህርት ጎማ ማለት ሳይንሸራተት የሚንከባለል ግትር ክብ አካል ነው። ለፈተና ጥያቄ ይህ ይበቃል፤ ለእውነተኛው ጎማ ግን ከቶ አይበቃም። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የተባለችውን ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና እንውሰድ። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከፋብሪካ የወጡት ብዛታቸው አንድ ሚሊዮን ደረሰ፤ በዓለም እጅግ የተሸጠች ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ተብላም በክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍራለች። እኛ የመረጥናት በሽያጯ ምክንያት አይደለም። በአራቱም ጎማዎቿ ላይ ማዕዘኖቹን በብሎን ማስተካከል እንዲቻል ሆና ስለተሠራች ለትምህርት ትመቻለች።

የመጀመሪያው ትውልድ ክብደት ወደ 1000 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ክብደቱም በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ እኩል ሊባል በሚችል ሁኔታ ይከፋፈላል። እንግዲህ በአንዱ ጎማ ላይ 250 ኪሎ ግራም ወይም ወደ 2450 ኒውተን ያርፋል ማለት ነው። የጎማው የአየር ግፊት 26 ፒኤስአይ ማለትም 180 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ኃይሉን ለግፊቱ ስናካፍል 0.0136 ካሬ ሜትር ወይም 136 ካሬ ሴንቲ ሜትር እናገኛለን። ይህ የአንድ ጎልማሳ ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ስፋት ነው። መኪናዋ ስትዞር፣ ስትቆምም ሆነ ስትፈጥን ከመንገዱ ጋር የሚያስተሳስራት አራት መዳፍ ላስቲክ ብቻ ነው። ስለ ጎማ ማዕዘኖች የሚነገረው ሁሉ እነዚህ አራት መዳፎች መሬቱን እንዴት ይርገጡ የሚል ነገር ነው።

መዳፉ ግትር ስላልሆነ ይለጠጣል፤ ይጠማዘዛልም። መኪናው በመዞሪያ ላይ ሲሆን ጎማው የሚያመለክተው አቅጣጫና በእርግጥ የሚሄድበት አቅጣጫ በጥቂት ዲግሪ ይለያያሉ። በዚህ ልዩነት የተነሣ ላስቲኩ ወደ ጎን ይወጠራል፤ ውጥረቱም መኪናውን ወደ መዞሪያው ውስጥ የሚገፋውን ኃይል ያስገኛል። ይህን ልዩነት የመንሸራተት ማዕዘን ይሉታል። ስሙ ያሳስታል፤ ማዕዘኑ አነስተኛ በሆነ ጊዜ የሚንሸራተተው የገጹ የኋላ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ሌላው መሬቱን እንደ ጨበጠ ነው።

ከማዕዘኖቹ ሁሉ የምናስቀድመው ቶ የተባለውን ነው። በጋራዥ ወግ ካምበር ብዙ ይወራለታል፤ ምክንያቱም ከሩቅ በዓይን ይታያል። ቶ አይታይም፤ ጉዳቱ ግን የበለጠ ነው። መኪናውን ከላይ ሆነን ብንመለከት የሁለቱ ጎማዎች የፊት ጫፍ ወደ ውስጥ ተቀራርቦ ከሆነ ቶ-ኢን፣ ወደ ውጭ ተራርቆ ከሆነ ቶ-አውት ይባላል። ቃሉ ከእግር ጣት የተወሰደ ነው፤ ሲራመድ የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አዙሮ የሚረግጥ ሰው በዓይነ ኅሊናችን ብንስል ነገሩ ግልጽ ይሆናል።

አንድ ጎማ ከመኪናው መሄጃ በ0.1 ዲግሪ ብቻ ዞሮ ተስተካክሏል እንበል። ይህ 0.00175 ራዲያን ነው። እንግዲህ መኪናው አንድ ኪሎ ሜትር በተጓዘ ቁጥር ጎማው በራሱ ፈቃድ ቢሄድ ኖሮ 1.75 ሜትር ወደ ጎን ይወጣ ነበር፤ አይወጣም፤ ጓደኛው በተቃራኒው አቅጣጫ ይጎትተዋልና። በ20,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይህ ተጠራቅሞ 35 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዱከም ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጎማን በጎኑ እንደ መጎተት ነው። እርግጥ አብዛኛውን ላስቲኩ በመለጠጥ ይችለዋል፤ የተረፈው ግን ፍቀት ነው፤ ፍቀቱም ከነጂው ኪስ ይከፈላል። ጋራዦች ቶን የሚናገሩት በዲግሪ ሳይሆን በሚሊ ሜትር ስለሆነ መለወጫውን ማወቅ ይጠቅማል። በ400 ሚሊ ሜትር የቸርኬ ስፋት ላይ የሁለቱ ጎማዎች ድምር 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል፤ ይህም ወደ 0.14 ዲግሪ ይጠጋል።

የፊት ጎማዎችን ነገር በአጭሩ እናልፋለን። ጥቂት ቶ-አውት መኪናውን ለመዞር ፈጣን ያደርገዋል፤ በቀጥታ መንገድ ላይ ግን እረፍት ያሳጣዋል። ጥቂት ቶ-ኢን ያረጋጋዋል። በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ መንገዱ የፊት ጎማዎቹን ወደ ኋላ ስለሚገፋቸው ጎሚኒዎቹ ሲታመቁ ቶው ጥቂት ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ስለዚህ በቆመበት ጥቂት ወደ ውስጥ ተደርጎ ቢተው በጉዞ ላይ ወደ ዜሮ ይቀርባል። ከዚህ የበለጠ መራቀቅ ለመንገድ ነጂ አያስፈልገውም።

ስለ ኋላ ጎማዎች ግን አንደራደርም። መኪናው ወደ ቀኝ ሲዞር ክብደቱ ወደ ግራ ጎማዎች ይሸጋገራል። የግራው የኋላ ጎማ ቶ-ኢን ካለው አፍንጫው ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደ መዞሪያው ውስጥ ያመለክታል፤ ጭነቱ በበዛበት ቁጥርም የመኪናውን ጭራ ወደ ውስጥ የሚይዘው ኃይል ይጨምራል። ጎማው ቶ-አውት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጭነት የበዛበት ጎማ ጭራውን ወደ ውጭ ይዞ ለመሄድ ያዘነብላል። እሽቅድምድም ላይ ይህን ሆን ብለው የሚያደርጉ አሉ፤ መኪናው እንደ መርፌ ይዞርላቸዋልና። ነገር ግን በውድድር ሜዳ የሚሽከረከር መኪና የሚጋጨው ከተደረደሩ አሮጌ ጎማዎች ጋር ነው። በመንገድ ላይ የሚሽከረከር መኪና የሚገባው ወደ ተቃራኒው መሥመር ነው፤ በዚያ መሥመር የሚመጣው ሰው ደግሞ ስለ ቶ-አውት ሐሳቡን የጠየቀው የለም።

የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት ሁለት የታወቁ መኪኖችን ማንሳት ይጠቅማል። በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ነጂ በመዞሪያ መካከል ደንግጦ ነዳጁን ቢለቅ ወይም ፍሬን ቢይዝ፣ መንገዱ ጎማውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ጎሚኒዎች ይታመቃሉ፤ በብዙ አሠራሮችም ጎማው ወደ ቶ-አውት ይዞራል። መረጋጋት እጅግ በሚያስፈልግበት በዚያው ቅጽበት መረጋጋት ይቀንሳል ማለት ነው። የፖርሽ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1977 ለወጣው 928 የሠሩት የኋላ ማንጠልጠያ ይህንኑ ለመገልበጥ የታሰበ ነበር። ቫይሳኽ የሚል ስም ያገኘው ከኩባንያው የምርምር ማዕከል መገኛ ሲሆን፣ ጎማው ወደ ኋላ ሲጎተት የፊተኛው መያዣ እንዲታጠፍና ጎማው ወደ ቶ-ኢን እንዲዞር አድርገው ሠሩት። የላስቲክን መታመቅ ማስቀረት ስላልቻሉ በሚጠቅም አቅጣጫ እንዲሆን አደረጉት። ከምናውቃቸው የምሕንድስና መፍትሔዎች ሁሉ ይህን የመሰለ ለፊዚክስ ሰው ልብ የሚቀርብ ጥቂት ነው።

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ያቀረበው ኤንኤስኤክስ ደግሞ የዚህኑ መድኃኒት ዋጋ ያሳየናል። ሞተሩ ከነጂው ጀርባ የተቀመጠ በመሆኑ ጭራው ከባድ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተወሰነለት የኋላ ቶ-ኢን ብዙ ስለነበር መኪናው በፍጥነት ላይ እርጉ ሆነ፤ የኋላ ጎማዎቹ ግን ቶሎ ቶሎ አለቁ። ኋላ ላይ አምራቹ ልኩን ቀነሰ። መረጋጋትና የጎማ ዕድሜ በአንድ ብሎን ላይ የተሰቀሉ ሁለት የሚዛን ሳህኖች ናቸው፤ ከፍተኛ ባለሙያዎችም ሳይቀሩ አንድ ጊዜ ካስቀመጡት በኋላ መልሰው ያነሣሉ።

ወደ ካምበር እንመለስ። መኪናውን ከፊት ለፊት ስናየው የጎማው አናት ወደ ውስጥ ካዘነበለ ካምበሩ ኔጋቲቭ፣ ወደ ውጭ ካዘነበለ ፖዚቲቭ ይባላል። ኔጋቲቭ ካምበር የሚፈለገው መኪናው በመዞሪያ ላይ ወደ ውጭ ስለሚያዘም ነው፤ አብሮ የሚያዘመው የውጭው ጎማ በውጭ ጠርዙ ብቻ እንዳይረግጥ አስቀድሞ በተቃራኒው እንዲዘነብል ይደረጋል። ያዘነበለ ጎማ ወደ አዘነበለበት አቅጣጫ ይገፋል፤ ሞተር ብስክሌት የሚዞረው በዚህ ነው። በመኪና ጎማ ላይ ግን ይህ ኃይል ለአንድ ዲግሪ ሲሰላ የመንሸራተት ማዕዘን ከሚሰጠው አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥቅም መዳፉ ሙሉ በሙሉ መሬት እንዲነካ ማድረጉ ነው።

ስንት ይሁን የሚለውን ተማሪ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የመኪናውን ክብደት ቢያህል አካሉ 4 ዲግሪ ያዘማል እንበል፤ ማንጠልጠያውም ከዚህ ግማሹን ለጎማው ያካክስለታል እንበል። አንድ ነጂ ራዲየሱ 100 ሜትር በሆነ መዞሪያ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 16.7 ሜትር ነው፤ የፍጥነቱን ካሬ ለራዲየሱ ስናካፍል 2.8 ይመጣል፤ ይህም ከመሬት ስበት 9.8 ጋር ሲነጻጸር 28 በመቶ ነው። አካሉ 1.1 ዲግሪ ገደማ ያዘማል፤ ግማሹ ይካካሳል፤ ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲረግጥ የሚያስፈልገው ኔጋቲቭ ካምበር 0.6 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። አሽቀዳዳሚው ግን በዚያው መኪና ኃይሉን ወደ 80 በመቶ ያደርሰዋል፤ ለእርሱ 1.6 ዲግሪ ያስፈልገዋል፤ የጎማውን ጎን መታጠፍና የጎሚኒውን መታመቅ ስንጨምርበት ከዚያም ያልፋል። ሁለቱ ሰዎች ከአንድ መኪና የተለያየ ቁጥር ቢያወጡ አንዱ ተሳስቷል አንልም። የሚሳሳተው አንዱ የሌላውን የወሰደ እንደሆነ ነው።

ይህን ያህል ማብራራታችን ያለ ምክንያት አይደለም። 3 ዲግሪ ኔጋቲቭ ካምበር ይዘው በከተማ የሚነዱ መኪኖች በየአገሩ አሉ፤ ነጂዎቹም መኪናቸው "መንገድ እንደሚይዝ" ይናገራሉ። የመዳፉ ስፋት 150 ሚሊ ሜትር ቢሆን አንድ ዲግሪ ማዘንበል በውስጠኛውና በውጭኛው ጠርዝ መካከል የ2.6 ሚሊ ሜትር፣ 3 ዲግሪ ደግሞ ወደ 8 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት ያመጣል። ጎማው በቀጥታ መንገድ ላይ ጭነቱን በውስጠኛው ጠርዝ ይሸከማል። በሕዝብ መንገድ ላይ ከጎማ እጅግ የሚጠየቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመዞሪያ አይደለም፤ ሳይታሰብ መንገድ በሚያቋርጥ ሕፃን ወይም አህያ ፊት በቀጥታ መሥመር ላይ በሚረገጥ ፍሬን ነው። በዚያች ሴኮንድ ሙሉ መዳፍ ያስፈልጋል። ለሌላ ቀን ለማይመጣ መዞሪያ ተብሎ ከመዳፉ ላይ መቀነስ ለእኛ አይዋጥልንም።

ካምበር ብቻውን እንደሚነገርበት ጎማ አይበላም። የሚበላው ከቶ ጋር ሲጣመር ነው፤ በተለይ ከቶ-አውት ጋር። ያን ጊዜ ውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ያልቃል፤ ከውጭ ለሚያየው ጎማው ደኅና ነው፤ ሽቦው የወጣው ነጂው በማያየው በኩል ነው። መኪናቸውን አጭር ሞላ አስገብተው ዝቅ የሚያደርጉ ወጣቶች ይህን ሊያስቡበት ይገባል፤ አካሉ ሲወርድ ካምበሩም ቶውም አብረው ይለወጣሉ።

ሦስተኛው ማዕዘን ካስተር ነው፤ ከሁሉም ያነሰ ይወራለታል፤ እኛ ግን እንወደዋለን። ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበትን ዛቢያ ከጎን ብናየው ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ የብስክሌት የፊት ሹካ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዛቢያው መሬቱን የሚነካበት ነጥብ ከጎማው እርግጫ ቀድሞ ስለሚገኝ ጎማው ተከታይ ይሆናል፤ መሪውም ሲለቁት ወደ ቀጥታ ይመለሳል። ሁለተኛ ስጦታም አለው። ጎማው በመሪ ሲዞር ያዘነበለው ዛቢያ የውጭውን ጎማ ወደ ኔጋቲቭ ካምበር ያስገባዋል፤ መጠኑም ካስተሩን በመሪው ማዕዘን ሳይን በማባዛት ይገመታል። ካስተሩ 5 ዲግሪ፣ ጎማው የዞረው 10 ዲግሪ ቢሆን 0.87 ዲግሪ እናገኛለን። በቀጥታ መንገድ ላይ የሌለ፣ በመዞሪያ ላይ ብቻ የሚመጣ ካምበር! ዋጋው መሪው ጥቂት መክበዱ ነው፤ በቀላል መኪና ላይ ይህ የሚያማርር ክብደት አይደለም። ስለዚህ ማስተካከያው እስከ ፈቀደ ድረስ ካስተሩን ከፍ ማድረግንና ግራና ቀኙን እኩል ማድረግን እንመክራለን። እኩል ካልሆነ መኪናው ካስተሩ ወደ አነሰበት ጎን ይጎትታል።

የማዕዘን ነገር የሰው ሕይወት ያስጠፋ ክርክር ሆኖም ያውቃል። ሸቭሮሌ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የሸጠው ኮርቬር ሞተሩ ከኋላ ነበር፤ የኋላ ጎማዎቹም በመሐል ብቻ በሚታጠፍ ግማሽ ዘንግ ላይ ተሰክተው ነበር። ይህን አሠራር አንባቢያችን በቀላሉ ሊያየው ይችላል፤ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም የሚታዩት አሮጌ ቮልስዋገኖች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸውና። ቮልሱን ከኋላ በክሪክ ሲያነሡት ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። በኃይለኛ መዞሪያ ላይ አካሉ ወደ ላይ ሲነሣ የውጭው ጎማ እንዲሁ ከሥሩ ይሰበሰባል፤ ካምበሩ ወደ ፖዚቲቭ ይሄዳል፤ መዳፉም ይጠባል። ኩባንያው ይህን ያካካሰው በአየር ግፊት ነበር፤ ለፊት ጎማ 15 ፒኤስአይ፣ ለኋላ 26 ፒኤስአይ እንዲሞላ ያዝዛል። ለስላሳዎቹ የፊት ጎማዎች ቀድመው እንዲሸሹ ነው። ራልፍ ኔደር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ኮርቬርን በዋነኛነት ከሰሰ፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ኮርቬር ከዘመኑ አቻዎቹ የባሰ አልነበረም አለ።

ሁለቱም ሳይሳሳቱ እንዳልቀሩ፣ ሁለቱም እውነት እንዳላቸው እናምናለን። ለእኛ ግን የሚያሳስበው የአየር ግፊቱ ነው። የመኪናው መረጋጋት አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ አራቱንም ጎማዎች እኩል ባለመሙላቱ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከዚህ የምናወጣው መመዘኛ፣ ለመንገድ የሚመረጥ ልክ ቸልተኝነትን የሚችል መሆን አለበት የሚል ነው። ጎማው ሲያረጅ፣ ጎሚኒው ሲላላ፣ ጓደኛ ከጎን ሲቀመጥ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ጉድጓድ ሲመታ መኪናው ጠባዩን መለወጥ የለበትም። የውድድር መኪና በየሳምንቱ ይለካል፤ የመንገድ መኪና በዓመት አንድ ጊዜ ከተለካ ዕድለኛ ነው። በውጭ አገር በተማርንበት ከተማ በቅዳሜ ውድድር የሚሳተፉ የኤምኤክስ-5 ባለቤት ተማሪዎች ነበሩ፤ የማስተካከያ ብሎኖቹን በሁለት ቀለም ምልክት አድርገው ጠዋት ወደ አንዱ ያዞሯቸውና ማታ ወደ ሌላው መልሰው ወደ ቤታቸው ይነዱ ነበር። ልዩነቱን የተረዱ እነርሱ ናቸው።

እንግዲህ ቃል የገባነው ቁጥር ይህ ነው። ለመጀመሪያው ትውልድ ኤምኤክስ-5ና ለመሰሎቿ፣ በመንገድ ብቻ ለሚነዳ ሰው፣ የፊት ካምበር ከ1 ዲግሪ ኔጋቲቭ ብዙም ሳይርቅ፣ የኋላው ከፊቱ በሩብ ወይም በግማሽ ዲግሪ በልጦ፣ ካስተር 5 ዲግሪ ገደማ፣ የፊት ቶ በድምሩ ከዜሮ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ፣ የኋላ ቶ በድምሩ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቢሆን እንመርጣለን። የኋላው ካምበር የሚበልጠው ጭራው ከአፍንጫው ዘግይቶ እንዲሸሽ ነው፤ አፍንጫው ቀድሞ ሲሸሽ ነጂው መሪው ሲቀልለውና መኪናው ሲሰፋበት ይሰማዋል፤ እግሩንም ያነሣል። ጭራው ቀድሞ ሲሸሽ የሚሰማው ነገር ሳይኖር ፊቱን ወደ መጣበት አዙሮ ያገኘዋል። ከእነዚህ ቁጥሮች ይልቅ ግን የግራና የቀኝ እኩልነትን እናስቀድማለን። ብዙ አምራቾች ካምበርን ከልኩ በግማሽ ወይም በሦስት ሩብ ዲግሪ ያህል እንዲርቅ ይፈቅዳሉ፤ ስለዚህ አንዱ ጎማ በወሰኑ ላይኛው ጫፍ፣ ሌላው በታችኛው ጫፍ ሆኖ ሳለ የአላይመንት ማሽኑ ሁሉንም አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ያትመዋል። አረንጓዴው ወረቀት መኪናው ከወሰን አልወጣም ይላል እንጂ ተመቻችቷል አይልም። ባለቤቱ ቁጥሮቹን አንብቦ እኩል እንዲደረጉ መጠየቅ መብቱ ነው።

ሲስተካከል የኋላው ይቀድማል፤ መኪናው የሚሄደው የኋላ ጎማዎች ወደሚያመለክቱበት ነውና። ከዚያ የፊቱ ካስተር፣ ካምበር፣ በመጨረሻም ቶ፤ ምክንያቱም የፊተኞቹ ሲነኩ ቶው ይለወጣል። 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጂ ለዚህች መኪና ከክብደቷ ሰባት በመቶ በላይ ነው፤ ያውም በአንድ ጎን። በሚለካበት ጊዜ በነጂው ወንበር ላይ ሰው ወይም አሸዋ የሞላ ጆንያ ቢቀመጥ ይገባል።

ማሽን የሌለው ተማሪም ሊለካ ይችላል። በመኪናው ግራና ቀኝ ከመሐል መሥመሩ ጋር ትይዩ የሆኑ ሁለት ሲባጎዎችን ወጥሮ፣ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊትና የኋላ ጠርዝ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ቢለካ ልዩነቱ የዚያ ጎማ ቶ ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር መለየት የሚችል ዓይን 0.07 ዲግሪ ይለያል። ለካምበር ቱንቢ ይበቃል፤ 400 ሚሊ ሜትር በሆነ ቸርኬ ላይ ከአናቱና ከግርጌው እስከ ቱንቢው ክር ያለው ርቀት በ7 ሚሊ ሜትር ቢለያይ ካምበሩ አንድ ዲግሪ ነው። ካስተሩን ለማግኘት ጎማውን 20 ዲግሪ ወደ አንድ ወገን፣ ከዚያም 20 ዲግሪ ወደ ሌላው አዙሮ የሁለቱን ካምበር ልዩነት በ1.46 ማባዛት ነው። ወለሉ ግን ደልዳላ መሆን አለበት፤ በጎማዎቹ መካከል ባለው 1.4 ሜትር ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢያዘቀዝቅ 0.4 ዲግሪ ስሕተት ያስገባል፤ ይህም ስንከራከርበት ከቆየነው ሩብ ዲግሪ ይበልጣል። ውኃ ልክ የማያምን ወለል ላይ የሚሠራ ሰው ካምበሩን አንድ ጊዜ ለክቶ፣ መኪናውን አዙሮ በዚያው ቦታ አፍንጫው ጭራው በነበረበት በኩል እንዲሆን አቁሞ ይድገም፤ የሁለቱ አማካይ የወለሉን ማዘቅዘቅ ያጠፋዋል።